“ደህና ነኝ” የማይል በቀቀን

“በቀቀን?! አንቺ ልጅ፣ ባል አግቢ ስትባይ በቀቀን ታመጫለሽ?”

ይህንን ያለችኝ የልብ ጓደኛዬ ናት። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን ሌላ ሰው በቀቀን ከነሽቦ ቤቱ ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጣ ባይ ከዚህ የባሰ ሳልል አልቀርም። ግን እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት አብሮን የሠራ አንድ ፈረንጅ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኮንትራቱ አለቀና ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። መኪናውን ሸጠ፣ ዕቃውን ሸጠ፣ ውሻውን ለጥበቃው ሰጠ። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ኮኮ። ኮኮ ማለት ገላው አመድማ፣ ጭራው እንደ በርበሬ የቀላ፣ ትውልዱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጫካዎች የሆነ በቀቀን ነው። ከሰውየው ጋር 11 ዓመት ኖሯል። ታዲያ ለምን ይዞት አይሄድም? እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ለካ ይህ ዓይነቱ በቀቀን ለንግድ እየታደነ በየጫካው ሲመናመን ጊዜ፣ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው ጉባኤ እጅግ ጥብቅ ወደሆነው መዝገብ አሻግሮታል። ድንበር ለማሻገር ከሚወጣበትም ከሚገባበትም አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሰውየው አንደኛው ወረቀት መጣ፣ ሁለተኛው ዘገየ፣ የአውሮፕላኑ ቀን ግን አልዘገየም።

“የሚወስድልኝ አለ?” ብሎ ሲጠይቅ ቢሮው በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ እጄን አወጣሁ።

ለምን መሰላችሁ? በእንስሳት ፍቅር ተቃጥዬ አይደለም። እውነቱን ልናገርና የመሸበት ይደር… ለእማዬ ብዬ ነው።

አባዬ በ2014 ዓ.ም. አረፈ። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ “ብቻሽን አትቀሪም!” ብዬ እማዬን 34 ዓመት ከኖረችበት የአሰላ ቤቷ ነቅዬ፣ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች? ግድግዳ ታያለች። ማታ ስገባ “እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?” እላታለሁ። “ደህና ነኝ ልጄ፣ ምን እሆናለሁ!” ትልና ራት ታቀርባለች። ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት ብዬ እበላለሁ። ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበርና፣ በቀቀኑን ሳይ “ይኸው! የሚያጫውታት ተገኘ!” አልኩ። ለእናቱ ጨዋታ ወፍ የቀጠረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ አለሁላችሁ።

* * *

ኅዳር 3 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮኮ ገባ። የሽቦ ቤቱን የት እንዳስቀመጥኩት ልንገራችሁ፤ ሳሎኑ መሐል፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። እንግዳ የክብር ቦታ ይሰጠው የለ! የብሎኩ ልጆች ወሬው ደርሷቸው እየተንጋጉ መጡ። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ “ተናገር በለው!” ይላል፣ አንዷ በእስክሪብቶ ትነካካዋለች። ኮኮ ላባውን ከገላው ላይ ለጥፎ፣ ከሽቦው ጥግ ተጣብቆ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ ቆሟል። “አንቺ፣ ይኼ ነገር ዲዳ ነው መሰለኝ፤ ተሸውደሻል” አለችኝ የጎን ጎረቤቴ። በነጻ እንዳገኘሁት ነግሬያት ስታበቃም “ቢሆንም” አለች።

ማታ ልጆቹ ሲሄዱ እኔ በተራዬ ሙከራ ጀመርኩ። “ኮኮዬ… ኮኮ…” እያልኩ ጣቴን በሽቦው መሐል ሰደድኩለት። ያ ምንቃር የተሠራው ጠንካራ ፍሬ ለመስበር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እሪ አልኩ። እማዬ ጣቴን በሳሙናና በውኃ እያጠበች፣ ምንም ሳትደናገጥ “እንግዳ ላይ ጣት ይቀሰራል?” አለችኝ።

እሑድ አልበላም። ሰኞም ትንሽ ቆረጣጠመና ተወው። በዚህ ላይ እኔ ስጮህበት ጊዜ የበለጠ ሸሸኝ። ተጨንቄ ለሰውየው ደወልኩለት። ገና ከመጀመሪያው “የት ነው ያስቀመጥሽው?” አለኝ። ነገርኩት። ለአፍታ ዝም ካለ በኋላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው አንድ በአንድ ወረደብኝ።

እስቲ አስቡት፤ በቀቀን ታዳኝ ነው። ከላይ ጭልፊት አለበት፣ ከታች እባብ። ቤት መሐል ስታቆሙት አራቱንም አቅጣጫ ሲጠብቅ ይውላል፤ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ስለዚህ የሽቦ ቤቱ ቢያንስ አንድ ጎኑ፣ ቢቻል ሁለቱ፣ ግድግዳ መደገፍ አለበት። ከፍታው ከሰው ደረት አካባቢ ቢሆን ይበጃል። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ግን መተላለፊያ ላይ አይሁን፣ ነፋስም በቀጥታ አያግኘው። መስኮት ሥር ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ ሲበረታ የሚሸሽበት ጥላ የለውም። የሚቆምባቸው እንጨቶች ሁሉም አንድ ውፍረት ከሆኑ እግሩን ያሳምመዋልና፣ ወፈር ቀጠን ያሉ የዛፍ ቅርንጫፎችን መቀላቀል ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ ማታ አስተካከልኩ። ጥግ ይዞ፣ ጀርባው ተሸፍኖ ሲቆም መጀመሪያ ያደረገው ነገር ላባውን ማራገፍ ነበር። ሰው ኮቱን አውልቆ “እፎይ” እንደሚለው ዓይነት።

ሌላው የዓይን ነገር ነው። እኛ ዓይናችን ፊታችን ላይ ነው፤ እንደ ጭልፊቱ፣ እንደ ድመቱ። ፊት ለፊት ቆመን አፍጥጠን ስናየው “ሊበላኝ ነው” ይላል። “ጎኑ ተቀመጪ” አለኝ ሰውየው። “ጎንሽን ስጪው፣ ጋዜጣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢለት፣ ደግሞ እንዳትነኪው! እሱ ወደ አንቺ እስኪመጣ።” ስንት ቀን? “እሱ ነው የሚያውቀው” አለኝ። አንዳንዱ ሳምንት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈልጋል።

ታዲያ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ለሚውል ሰው ይኼ ከየት ይመጣል? በቀቀን በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል በጨለማና በጸጥታ መተኛት አለበት ተባልኩ። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ነጠላ እናለብሰዋለን፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል። (ተከታታይ ድራማዬ እዚህ ላይ ተሠዋ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።) እኔ ለኮኮ የምተርፈው ግማሽ ሰዓት ብቻ ሆነ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አፏጭቼ፣ አባብዬ፣ ለውዝ አሳይቼ ልወዳጀው እቸኩላለሁ። እሱ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳውን ያያል።

እማዬስ? እማዬ ምንም አላደረገችም። ጠዋት ጠዋት ዱካዋን ከሽቦ ቤቱ አጠገብ ትስብና ምስር ትለቅማለች። አታየውም፣ አትጠራውም። ካሮት ስትልጥ ቁራጩን ራሷ ቀመስ ታደርግና የቀረውን በሽቦው በኩል ሻጥ አድርጋ ሥራዋን ትቀጥላለች። እነሱ በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ አብሯቸው ያለው ሲበላ ካዩ ይደፍራሉ፤ ይህንን እኔ ያወቅኩት ጠይቄ ነው፣ እሷ ግን ማንም አልነገራት። ኮኮ በገባ በ19ኛው ቀን ካሮት ከእጇ ተቀብሎ በላ። ቢሮ ሆኜ በስልክ ስትነግረኝ “እኔ ላመጣሁት!” ብዬ ቀናሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ስለ ምግብ ካነሳን አይቀር፣ አዲስ ቤት ሲገባ የለመደውን ምግብ ወዲያው አትቀይሩበት፤ አዲሱን ቀስ እያላችሁ ቀላቅሉለት። ሱፍ ብቻ እየበላ የሚኖር በቀቀን ቺፕስ ብቻ እየበላ እንደሚያድግ ልጅ ነው፤ ይወደዋል፣ ግን ስብ ይበዛበታል። ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ምስርና ሩዝ ያለ ጨው ያለ በርበሬ ይስማሙታል። በተለይ ይኼ አመድማው ዓይነት የካልሲየም እጥረት ቶሎ ያጠቃዋልና ጎመኑን አትርሱ። አቮካዶ ግን መርዝ ነው! ቸኮሌት፣ ቡና፣ አልኮል፣ ሽንኩርት፣ ጨዋማ ነገር… አይቀርብም። ከአፍ ወደ አፍ ማጉረስም ይቅር፤ ምራቃችን ውስጥ ያለው ጀርም እሱን ያሳምመዋል።

አሻንጉሊትም እንዲሁ ነው። አመድማ በቀቀን አዲስ ነገር ይፈራል። አንድ ደማቅ ቀይ ፕላስቲክ ገዝቼለት ሽቦው ውስጥ ባንጠለጥልለት፣ ክንፉን እያራገበ ከእንጨቱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ብልሃቱን ተማርን። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ከክፍሉ ማዶ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ቀን ትንሽ ይጠጋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በሳምንቱ አጠገቡ ይደርሳል። ያኔ ራሱ በምንቃሩ ይጎትተዋል።

* * *

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ።

እማዬ አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ቡና በወጉ አፍልታ አታውቅም ነበር። አሰላ እያለች ቤቷ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የማይቋረጥበት የሰፈሩ መሰብሰቢያ ነበር። እዚህ ግን “ብቻዬን ምን ቡና ያስጠጣኛል” እያለች የተፈጨ ቡና በትንሿ ጀበና ኤሌክትሪክ ላይ ጣድ አድርጋ ትጎነጫለች። አንድ እሑድ ግን፣ ኮኮ ከገባ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ተነሥታ ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ ከሰል አያያዘች፣ ረከቦቱን አወጣች፣ ዕጣኑን ቆነጠረች። ደስታዬን አትጠይቁኝ! “እማዬ ለመደች!” አልኩ በልቤ። ቡናው እየተንጣጣ፣ ጭሱ ሳሎኑን ሞልቶት፣ እሷም በስንት ጊዜዋ ፈገግ ብላ…

ኮኮን ዞር ብዬ ሳይ አፉን ከፍቷል። ጭራው ከትንፋሹ ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። እግሩ እንጨቱን መያዝ አቅቶታል።

የሽቦ ቤቱን እንዴት አንስተን ኮሪደር እንደወጣን አላስታውስም። ሰውየው ነግሮኝ ነበር እኮ! እኔ ነኝ የረሳሁት። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም፤ ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች ስላሉት፣ ሲስብም ሲያስወጣም አዲስ አየር በሳንባው ውስጥ ያልፋል። ለበረራ የሚሆነው ጉልበት ከዚያ ይገኛል፤ መርዙም እንዲሁ በፍጥነት ይገባል። እንግሊዞች ካናሪ የምትባለዋን ትንሽ ወፍ ይዘው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚህ ነበር። ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ሰውየውን ሳይጥል በፊት ወፏን ይጥላታል፤ እሱም ያንን አይቶ ይሮጣል። ይህንን ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1986 መሣሪያ ሲተካላቸው ነው። የኛም የከሰል ምድጃ የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው። ዕጣኑ፣ ሰንደሉ፣ የትንኝ መርዙ፣ የሚነፋ ሽቶው… ሁሉም ለእሱ አደጋ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የማያጣብቀው መጥበሻ፣ ቴፍሎን የምንለው ነው። ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ከጋለ የሚወጣው ጭስ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ሰው ላያውቀው ይችላል። የኛን መጥበሻ በማግስቱ ከቤት አስወጥቼዋለሁ።

ኮኮ ንጹሕ አየር እየሳበ ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ አፉን ገጠመ። የእንስሳት ሐኪምም መጥቶ አየልንና ጭስ ወዳለበት እንዳንመልሰው አስጠነቀቀን። እማዬ ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቤቱን በሁለት እጇ አቅፋ፣ “የያዝኩት ሁሉ ሊሞትብኝ ነው እንዴ?” አለች።

“ምን አልሽ እማዬ?” አልኳት።

“ኧረ ምንም አላልኩ። ደህና ነኝ።”

ጀበናው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ። ዱካው እንኳን ከኮኮ ራቅ አለ። እኔስ ምን አልኩ? “በቃ፣ ችግሩ ተፈታ!” አልኩ። አይ የኔ ነገር!

* * *

ኮኮ ዝም ያለው አንድ ወር ያህል ነው። ይኼ የተለመደ ነው፤ አዲስ ቤት ሲገባ ብዙው በቀቀን ይዘጋል፣ ሰው “ዲዳ ነው” ይላል፣ እሱ ግን እያዳመጠ ነው። መጀመሪያ ያወጣው የድሮ ቤቱን ድምፅ ነበር። “ቦንዡር!” ይላል። ከዚያ የብረት በር ሲንኳኳ ያሰማና፣ ራሱ በሽማግሌ ጥበቃ ድምፅ “ማነው? መጣሁ! መጣሁ!” ይላል። እኛም እየተነሳን በር ከፍተን ማንም የለም። ሳቅን፣ ሳቅን።

ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ ጠዋት እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ሰነፍ ክርስቲያን ነኝና ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። ከኋላዬ፣

“አይ አንተ ሰው… ጥለኸኝ ሄድክ አይደል?”

ብድግ አልኩ። የእማዬ ድምፅ ነው። ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ከቃሉ በኋላ የምትስበው ትንፋሽ አለ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ የሚሰማው አለ፣ ቀጥሎ ጉሮሮዋን ስታጸዳ አለ። ክፍሉ ውስጥ ግን ከኮኮ በስተቀር ማንም የለም። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ የዓይኑን ጥቁር ጠበብ ሰፋ እያደረገ ያየኛል። ደገመው። “አይ አንተ ሰው… ጥለኸኝ ሄድክ አይደል?”

በቀቀን የሚለውን ያውቃል አያውቅም የሚለው የቆየ ክርክር ነው። አሌክስ የሚባል የዚሁ ዓይነት በቀቀን ነበረ፤ አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ 30 ዓመት አስተምራው፣ ከ100 በላይ ቃላት ይዞ፣ ቀለምና ቅርጽ እየለየ ሲጠሩት ይመልስ ነበር። በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። የኔ ኮኮ አሌክስ ይሁን አይሁን እንጃ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በቀቀን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የሰማውን እንዲህ አሟልቶ አይዝም። በብዛት የሚይዘው ደጋግሞ የሰማውንና ከአንጀት የወጣውን ነው። እኔ ለማታው ራት “ደህና ነኝ ልጄ” ስትባል በየቀኑ ሰምቷል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን “ደህና ነኝ” ብሎ አያውቅም።

ቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ የሌለሁበት 12 ሰዓት ተኩል። ስንት ጊዜ ብትለው ነው ይህ ወፍ ከነትንፋሹ የተማረው?

ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነገሮችን ማገጣጠም ያዝኩ። ለኮኮ ስል ሰውየውን “ምን ይበላ ነበር? የት ይተኛ ነበር? ምን ያስፈራዋል?” ብዬ በስልክ አሰልችቼዋለሁ። የድሮ እንጨቱን ሳይቀር አስመጥቼለታለሁ። እማዬን ግን “አሮጌ ነው፣ ምን ያደርግልሻል!” ብዬ ዕቃዋን ለጎረቤት አስበትኜ፣ በሁለት ሻንጣ ነው ያመጣኋት። የአባዬን ፎቶ እንኳን “እንዳታለቅስ” ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። የመጣች ሰሞን ጎረቤቶቹን ሰብስቤ “ይተዋወቁ! ይጫወቱ!” እያልኩ መሐል ሳሎን አስቀምጫታለሁ። ጥግ ይዛ፣ ዝም ብላ ነበር። “እማዬ ትኮራለች እንዴ?” ብያለሁ!

ከቅዳሴ ስትመለስ ምንም አልነገርኳት። “ኮኮ እንዲህ አለ” ብላት የምታፍር መሰለኝ። በማግስቱ ቢሮ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ጠዋት ዱካ ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩና ምስር መልቀም ጀመርኩ። “ሥራ የለሽም?” አለች። “ፈቃድ ወጣሁ” አልኳት። ዝም አልን። ድንጋዩን እየለቀምኩ፣ ሳላያት፣ ሳልጠይቃት። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ እሷም ሳታየኝ፣ “አባትሽ ምስር ወጥ ላይ ድንጋይ ካገኘ ‘ጥርሴን ልታወልቂው ነው!’ ይለኝ ነበር” አለችና ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት አወራችኝ። 34 ዓመት በአንድ ቀን አያልቅም። ብቻ ተጀመረ። ማታ ፎቶውን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሰጠኋት። ማስቀመጫውን ራሷ መረጠች፤ ከኮኮ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ።

ቅዳሜ ጀበናውን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። “ወፉስ?” ብላ ደነገጠች። የከሰል ምድጃውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ነፋስ ወዳለበት ሄድኩ። የቤታችንን በር ዘጋሁ፣ ሥሩን በጨርቅ ደፈንኩ። ኮሪደር ላይ የሚቆላ ቡና ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ያቺ “ተሸውደሻል” ያለችኝ ጎረቤቴ ብቅ አለች። ቀጥላ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት እትዬ፣ እሳቸውም ባላቸው የሞተባቸው ናቸው፣ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ማንም አልሰበሰባቸውም። ሽታው ነው የጠራቸው።

* * *

“እኔም በቀቀን ላምጣ” ለምትሉ፣ እስቲ ቆም በሉ። ይኼ ዓይነቱ በሰው ቤት ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር ይችላል። ኮኮ ከእኔ በላይ ሊቆይ ነው፤ ማን እንደሚወርሰው ከአሁኑ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው የሌለበት ቤት አይስማማውም፤ ብቸኝነት ሲጠናበት የገዛ ላባውን መንጨት ይጀምራል። ከጫካ የተያዘ የሚሸጥላችሁ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ አትግዙ። የኛው አገር በቀቀኖች በዱር ሲያምሩ ይታያሉ፤ ክንፈ ጥቁሩ ትንሹ አረንጓዴ በአዲስ አበባ አካባቢ ጥድና ሾላ ላይ ሲንጫጫ ማየት ይቻላል። እዚያው ይሁን።

ከየካቲት ጀምሮ ኮኮ ከእጄ ላይ መቆም ጀምሯል፤ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሲነክሰኝ አልጮህም፤ ጩኸት ለእሱ ጨዋታ ነው። ቀስ ብዬ አስቀምጬው ዘወር እላለሁ። ጠዋት ስወጣ ይጣራል። በዱር ከዓይናቸው የተሰወረ ጓደኛቸውን “አለህ?” የሚሉበት ጥሪ ነው፤ ዝም ካላችሁት ጩኸት ይሆናል። ከደረጃው ሆኜ ሁለት ጊዜ አፏጭቼ እመልስለታለሁ። እማዬም በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች፤ “የት ደረስሽ? ምሳ በላሽ?” ድሮ ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ እዘጋባት ነበር።

አሁን ኮኮ አዲስ ቃል ይዟል። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን በእማዬ ድምፅ፣ በሩ ክፍት ከሆነ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በሚሰማ ጩኸት “ቡና ጠጡ!” ይላል። ጎረቤቶች በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቡናው ገና አልተቆላም፣ እማዬ እየተራገመች ከሰል ታያይዛለች።

ያችኛዋንም አልተዋትም። በተለይ አመሻሽ ላይ፣ ነጠላው ሳይለብስ በፊት ይላታል። ባለፈው ሰሞን ራት ልንበላ ስንል ከጥጉ ሆኖ “አይ አንተ ሰው… ጥለኸኝ ሄድክ አይደል?” አለ። እኔ ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ፤ በእሷ ፊት ሲል የመጀመሪያ ጊዜው መስሎኝ። እማዬ ግን ዞር እንኳን ሳትል፣

“እሱስ ሄደ። አንተ ካሮትህን ብላ!” አለችው።